ከሲንኩ እስከ ምድጃው፦ ወጥ ቤትን እንደ አቅም ማደስ

ወጥ ቤት ለማሳደስ የሚጠራኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ነጭ በር፣ ወርቃማ እጀታ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ። ፎቶውን አይቼ ስጨርስ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሽንኩርት የሚከተፈው የት ላይ ነው?» ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ከፎቶው ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ይነግረኛል።

የኪችን ካቢኔት ሠሪ ነኝ። እንጀራዬ በርና መሳቢያ ነው፤ ቢሆንም በሥራው በቆየሁ ቁጥር አንድ ነገር እየጠነከረብኝ መጥቷል። የወጥ ቤት ገንዘብ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ከሲንኩ እስከ ምድጃው ባለው ቦታ ላይ ነው። እጅ ሲሠራ የሚውለው እዚያ ነው፤ ውሃ የሚረጨው፣ ቢላዋ የሚያዘው፣ ትኩስ ድስት የሚያርፈውም እዚያው ነው። በጀቱ ትንሽ ሆነ ትልቅ ይህች ቦታ ካልተስተካከለች የቀረው ማማር ምግብ አብሳዩን አያሳርፈውም።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ለአንድ ሳምንት ያህል ፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ እስክሪብቶም አንጠልጥሉበት። በቤቱ የሚያበስል ሁሉ ያስቸገረውን ነገር እዚያው በዚያው ይጻፍ። «ድስት የማሳርፍበት አጣሁ።» «ከታች ያለውን ለማውጣት ተንበረከክሁ።» «ፍሪጁ ሲከፈት መተላለፊያው ተዘጋ።» ሳምንቱ ሲያልቅ ተደጋግሞ የተጻፈው ነገር የእድሳቱ ዕቅድ ነው። ለምኞት የሚሆን ሌላ ወረቀት ይዘጋጅለት፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ምኞቱ ችግሩን ይውጠዋል።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። የግድግዳውን ርዝመት በሦስት ቦታ ውሰዱ፦ ወለሉ አጠገብ፣ ወገብ ላይና ጣሪያው ሥር። ግድግዳ ለዓይን ቀጥ ያለ ቢመስልም ሲለካ የሁለትና የሦስት ሳንቲሜትር ልዩነት ያመጣል፤ ካቢኔት የሚታዘዘው በትንሹ ልክ ነው። የመስኮቱን ከፍታ፣ በሩ ወደ የት እንደሚከፈት፣ ውሃው የሚገባበትንና ፍሳሹ የሚወጣበትን ነጥብ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ስለ ርቀት ባለሙያዎች ብዙ ደክመውበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የጋራ ቤቶች አንድ ወጥ ቤት ነደፈች፤ ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ ነበር። ሐሳቡን ከባቡር ምግብ ቤቶች ጠባብ ማብሰያ ክፍሎችም ወስዳለች። የእያንዳንዱ ሥራ እርምጃ ታስቦበት ስለተሠራ በዚያች ጠባብ ክፍል ሁሉም ነገር እጅ የሚደርስበት ቦታ ነበረው። ዛሬ በየቤቱ የምንገጥመው ተያያዥ ካቢኔት የዚያች ወጥ ቤት ልጅ ነው። ቤቴ ጠባብ ነው ብሎ የሚያዝን ደንበኛ ሲገጥመኝ የእሷን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ እሥልለታለሁ።

በ1940ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሲንክ፣ በምድጃና በፍሪጅ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ተጠና። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ልክ እንዲህ ነው፦ አንዱ ጎን ከ1.2 ሜትር ያላነሰ፣ ከ2.7 ሜትር ያልበለጠ፤ ሦስቱ ሲደመሩ ከ4 እስከ 8 ሜትር ገደማ። እኔ ከሦስቱ ጎኖች አብልጬ የምጨነቀው ከሲንክ እስከ ምድጃ ላለው ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር፣ ከተቻለ 90 ሳንቲሜትር ነጻ ቦታ ይኑር። በምድጃው በሌላኛው ጎንም ትኩስ ድስት የሚያርፍበት 30 ሳንቲሜትር ቢተርፍ ጥሩ ነው። መተላለፊያው ለአንድ ሰው 105፣ ሁለት ሰው አብሮ ለሚሠራበት ቤት 120 ሳንቲሜትር ይበቃዋል።

ቁመትን ማንም አይጠይቀኝም፤ የጀርባ ሕመም ግን ከእሱ ይጀምራል። የፋብሪካ ካቢኔት ቶፑን (ከላዩ የሚቀመጠውን የመሥሪያ ገጽ) ጨምሮ 90 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ለእናንተ የሚስማማውን ለማወቅ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ክርናችሁን እጠፉ፤ ከክርናችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለው የእናንተ ልክ ነው። ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍት ደርድራችሁ፣ መክተፊያ አስቀምጣችሁ ጥቂት ካሮት ክተፉበት፤ ትከሻችሁ ከተነሳ ከፍ ብሏል፤ አንገታችሁ ከተደፋ ዝቅ ብሏል። ከአንድ ሰው በላይ የሚያበስልበት ቤት ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ለሚቆመው ሰው ይለካ።

በጥቂት ገንዘብ

ከማስታውሳቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም የምወደው አንድም በር ያልቀየርንበት ነው። ልጆች ለእናታቸው ወጥ ቤቱን ከሥሩ አፍርሰው ሊያድሱላቸው ገንዘብ ይዘው ጠሩኝ። «እማማ፣ እስቲ እኔ እንደሌለሁ ቆጥረው ይሥሩ» አልኋቸውና በሩ ላይ ቆምሁ። ሽንኩርቱን ሲንኩ ላይ ላጡ፤ አጠቡ። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ያለውን ቶፕ አልፈው ወደ ሳሎን ሄዱ፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከተፉና በሳህን ይዘው ተመለሱ።

«ለምን እዚሁ አይከትፉም?»

«ልጄ፣ እዚህ እኮ አይታየኝም» አሉኝ።

ቢላዋውን ተቀብያቸው እሳቸው በሚቆሙበት ቆምሁ። መብራቱ ከጣሪያው መሃል፣ ከጀርባዬ በኩል ነው፤ የራሴ ጥላ መክተፊያው ላይ ተጋድሟል። ከተረፈው ቦታ ግማሹን የታጠበ ዕቃ ማንጠፍጠፊያው ይዞታል። ከላይኛው ካቢኔት ሥር፣ ወደ ፊት ጠርዙ ጠጋ አድርገን ቀጭን የኤልኢዲ መብራት ገጠምን፤ ማንጠፍጠፊያውን ከሲንኩ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ያን ቀን ማታ ሽንኩርቱ የተከተፈው ምድጃው አጠገብ ነው። ልጆቹ ለካቢኔት ከያዙት ገንዘብ አብዛኛው ሳይነካ ቀረ።

ስለዚህ በትንሽ በጀት የምጀምረው ከመብራት ነው። መብራቱ በግድግዳው በኩል ሳይሆን በካቢኔቱ ፊት ለፊት ጠርዝ በኩል ይግጠም፤ ብርሃኑ እጅ ላይ እንጂ ግድግዳ ላይ እንዳያርፍ። ከ3000 እስከ 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ አምፖሉ ላይ ይጻፋል) ያለው ለወጥ ቤት ይስማማል።

ቀጥሎ ካቻቢቴ ይዛችሁ በሮቹን እዩ። የተንጋደደ በር ሁሉ አላረጀም። የዘመኑ ካቢኔት ማጠፊያ በበሩ ውስጥ 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ የሚቀመጥ ነው፤ ብሎኖቹም በሩን ወደ ጎን፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ያስተካክሉታል። ግማሽ ዙር አዙራችሁ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ብሎኑ ይዞ የማይጠብቅ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፤ ኮላ የተቀባ ቀጭን እንጨት ጨምሩበት፤ ሲደርቅ እንደገና ብሱት።

እጀታ ለመቀየር ስትሄዱ ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው መሃል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጽፋችሁ ያዙ። ብዙውን ጊዜ 96 ወይም 128 ነው። በዚሁ ልክ ከገዛችሁ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ አሮጌውን በስቱኮ መድፈን አይኖርም።

ቀለም መቀባት ካሰባችሁ የሥራው ክብደት ያለው ከመቀባቱ በፊት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ለዓይን የማይታይ የዘይት ሽፋን በሁሉም በር ላይ አለ፤ ከምድጃው በላይ ያለው ደግሞ ይብሳል። በሮቹን ፍቱ፤ ማጠፊያው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ቁጥር ጻፉበትና በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፤ የትኛው በር የት እንደነበር አይጠፋችሁም። በሞቀ ውሃና ስብ በሚያስለቅቅ ሳሙና እጠቡ፤ በንጹህ ውሃ አስለቅልቁ፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ 150 ቁጥር በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። የምትፈልጉት አሮጌውን ቀለም ማንሳት ሳይሆን ብልጭታውን ማጥፋት ነው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና መጀመሪያ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባ) ቀቡ፤ ፎርማይካ ከሆነ ለስላሳ ነገር ላይ የሚይዝ መሆኑ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈበትን ምረጡ። ፕራይመሩ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፤ በስፖንጅ ሮለር ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ወፍራም ቅብ ይንጠባጠባል፤ ሲደርቅም ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። ቀለሙ በሰዓታት ውስጥ ለእጅ የደረቀ ቢመስልም እስኪጠነክር ሳምንታት ይወስድበታል፤ እስከዚያ በጥንቃቄ ክፈቱ፤ በሻካራ ስፖንጅ አትፈትጉ።

የበሩ ፕላስቲክ ሽፋን ጠርዙ ላይ እየተላጠ ከሆነ በላዩ አትቀቡ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ሥሩ ያለው ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራው ሳንቃ) ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ቀለም ይቀበላል።

በመጨረሻም በሲንኩ ዙሪያ የጠቆረውን ሲልከን ቆርጣችሁ አውጡ። አዲሱ በአሮጌው ላይ አይዝም። ቦታውን በአልኮል ጠርጉ፤ ሲደርቅ አዲሱን ሳትቆራርጡ በአንድ መስመር ሳቡ፤ 24 ሰዓት ውሃ እንዳይነካው።

መካከለኛ በጀት ሲኖር

እዚህ ላይ የሚወስነው የካቢኔቱ አካል ነው። በሩን ትታችሁ ሣጥኑን መርምሩ። ከሲንኩ ሥር ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጡ፤ የወለሉን ሳንቃ በጣታችሁ ጫኑት። ቺፕውድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያበጠ ቺፕውድ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ብሎንም አይዝም። እዚያ ብቻ ከሆነ የተበላሸው ያንን አንድ ሣጥን በኮምፔርሳቶ አሠሩት፤ ሌሎቹን አትንኩ። ሣጥኖቹ ጤነኛ ከሆኑ በሩን፣ ቶፑንና ሲንኩን ብቻ መቀየር አዲስ ወጥ ቤት ያህል ይታያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቧንቧና መስመር አይነካም።

በዚህ በጀት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ከታች ያሉትን መደርደሪያዎች ወደ መሳቢያ መቀየር ነው። ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር በሆነ መደርደሪያ ከኋላ የገባ ድስት ዓመት ይረሳል። ሙሉ በሙሉ የሚወጣ መሳቢያ ግን ያለውን ሁሉ ከላይ ያሳያችኋል፤ መንበርከክም ይቀራል። ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከበሩ ውበት ቆጥቡ፤ ከመሳቢያው ሐዲድና ከማጠፊያው አትቆጥቡ። የምንከፍተውና የምንዘጋው እነሱን ነው።

ቶፕ ስትመርጡ ስለ ቀለሙ ከማሰባችሁ በፊት በቤታችሁ ምን እንደሚፈስበት አስቡ። ፎርማይካ ርካሽ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ትኩስ ድስት ግን ያቃጥለዋል፤ በመገጣጠሚያው ውሃ ከገባም ከውስጥ ያብጣል። እብነ በረድ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሎሚና ኮምጣጤ ብልጭታውን ይበሉታል፤ የሚቀረውም ነጭ ጥላ በመጥረግ አይለቅም። ሎሚ የማይጠፋበት ቤት እብነ በረድ ሲያዝዙ ደጋግሜ አስጠነቅቃለሁ። ግራናይት ሙቀትንም አሲድንም ይችላል፤ እንደ ዓይነቱ በየጊዜው መከላከያ ቅባት ሊያስፈልገው ይችላል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ላዩ ላይ አድርጉና ጠብቁ፤ ቦታው ከጠቆረ ቅባቱ አልቋል። የፋብሪካው ኳርትዝ ቅባት አይፈልግም፤ ሆኖም ድንጋዩን ያያያዘው ሙጫ ከምድጃ የወጣ ድስትን አይወድም። እሱን በሚመለከት አደራ የምለው አለኝ። ቤት ውስጥ በደረቁ አታስቆርጡ። አቧራው የሚቆርጠውን ሰው ሳንባ የሚያጠፋ ሲሊካ ነው፤ አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ አግዳለች። ቆራጩ ውሃ እያፈሰሰ፣ ተገቢውን ጭምብል አድርጎ መሥራቱን ጠይቁ፤ የሙያ ጓደኞቼ ናቸውና ያሳስበኛል።

ሙሉ እድሳት

ሁሉም ከተነሳ አንድ ጥያቄ ገንዘቡን ይወስነዋል፦ ሲንኩ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም? ንጹህ ውሃ በግፊት ስለሚመጣ ወደ ፈለጋችሁበት ይሄዳል። ፍሳሽ ግን የሚሄደው በቁልቁለት ብቻ ነው፤ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል መውረድ አለበት። ሲንኩን በሦስት ሜትር ካራቃችሁ ቱቦው 6 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ያ ቁልቁለት ደግሞ ከወለሉ ውስጥ ተቆፍሮ መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ሲንኩን እዚያው ትቶ ምድጃውን ወደ እሱ ማቅረብ ያንኑ ጥቅም በጣም ባነሰ ወጪ ይሰጣል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለሌሎቹ ሶኬቶች ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ አስገጥሙ፤ ውሃ ባለበት ክፍል ሕይወት የሚያተርፍ ዕቃ ነው። ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ እኔ ራሴ አልነካውም። በጋዝ የምታበስሉ ከሆነ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር እንደሚከብድ አትርሱ፤ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ ሳይሆን ከታች አየር በሚወጣበት ቦታ፣ ቢቻል ከቤት ውጭ ይቀመጥ። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል።

የጭስ መምጠጫ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቢሆን ይሻላል። አጣርቶ የሚመልሰው ዓይነት የተወሰነ ዘይትና ሽታ ቢይዝም እንፋሎቱን እዚያው ይተወዋል፤ እንፋሎቱም ካቢኔቱ ላይ ይቀመጣል። ከጋዝ ምድጃ በላይ ያለው ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከ65 እስከ 75 ሳንቲሜትር ነው፤ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል መቀያየር የለበትም። ማፍረስ፣ የቧንቧና የመብራት መስመር፣ ግድግዳና ወለል፣ ቀለም፣ ከዚያ ካቢኔት። ቶፑ የሚለካው የታችኛው ካቢኔት ተገጥሞ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ከሥዕሉ ላይ ለክቶ ድንጋይ የሚያስቆርጥ ባለሙያ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ የተቆረጠ ድንጋይ አይረዝምም። የግድግዳው ሴራሚክ ከቶፑ በኋላ ይለጠፋል። የታችኛው ካቢኔት ደግሞ ከፍና ዝቅ በሚል የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም፤ ወለሉ ሲታጠብ ውሃው ሳንቃውን አይነካውም።

ከጠቅላላ ገንዘባችሁ ከ10 እስከ 20 በመቶ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቤቱ አሮጌ ከሆነ ወደ 20ው አዘንብሉ። ግድግዳ ሲከፈት የዛገ ቧንቧ ወይም የተቃጠለ ሽቦ መውጣቱ የተለመደ ነው። ከባለሙያው ጋር የሳንቃውን ዓይነት፣ የማጠፊያውንና የሐዲዱን ስም፣ የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ልክ እየተከፈለ ይሂድ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። ሥራው እየተሠራ ሳለ ምን እንደምትበሉም ከወዲሁ አስቡበት፤ ፍሪጁንና አንድ ትንሽ ምድጃ ሌላ ክፍል ውስጥ አዘጋጁ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን መሳቢያ ከባድ ዕቃ ጨምራችሁበት ሳቡት። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ በሮችን በአንድ ጊዜ ክፈቱ፤ እንዳይጋጩ። ማታ መጥታችሁ መብራቱን አብሩና ምድጃው አጠገብ በቢላዋ ሥሩ። ሲንኩን እስከ አፉ በውሃ ሙሉትና በአንድ ጊዜ ልቀቁት፤ ውሃው ሲወርድ በሲፎኑ (ከሲንኩ ሥር ባለው የታጠፈ ቱቦ) መገጣጠሚያዎች ሥር ደረቅ ሶፍት ያዙ። ሶፍቱ ከረጠበ ቧንቧ ሠራተኛው ሳይሄድ ያጥብቀው።